«መመሪያ ነው» የሚለው መልስ አይበቃንም



አባቶቻችን ሁለት ሰዎች በመንገድ ላይ ሲጣሉ ባዩ ጊዜ «በሕግ አምላክ!» ይሉ ነበር። ይህችን ቃል የሰማ ሰው በቁጣ ያነሣውን እጁን ያወርዳል። የቃሏ ኃይል ከጠሪው ጉልበት የመጣ አልነበረም፤ ጠሪው ሽማግሌ ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላልና። ኃይሏ የመጣው ጠሪውም፣ ተጠሪውም፣ በመንገድ የሚያልፈውም ሰው ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ ከሚል እምነት ነው። ሁሉም ስለሚያውቀው ሁሉም ሊጠራው ይችል ነበር።

ዛሬ በካዛንቺስም ሆነ በቂርቆስ አንድ ዜጋ በፖሊስ ፊት ቆሞ «ለምን?» ብሎ ቢጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ ሁለት ቃል ነው፤ «መመሪያ ነው»። የትኛው መመሪያ? ማን አወጣው? በስንት ዓመተ ምሕረት? ቁጥሩ ስንት ነው? የተሻረ ነው ወይስ የጸና? ወደዚህ ጥያቄ የገባ ሰው «አንተ ደግሞ ጠበቃ ነህ እንዴ!» ተብሎ ይመለሳል። እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንለው ነገር አንድ ብቻ ነው። ሰው የሚያዝበት፣ የሚፈተሽበትና የሚተኰስበት ደንብ ከዚያው ሰው ሊሰወር አይገባውም። የተሰወረ ደንብ ሕግ ሊባል አይችልም፤ በአምላኩም ሊጠራ አይችልም።

ስለ ካዛንቺስና ስለ ቂርቆስ የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በጠላት ወረራ ዘመን የጣሊያን መንግሥት ለሹሞቹና ለሠራተኞቹ ካሠራቸው «ካዛ ኢንቺስ» ከተባሉ ቤቶች ነው። ጠላት ከወጣ በኋላ ሰፈሩ የአገሬው ሰው ሆነ። በ1953 ዓ.ም. የአፍሪካ አዳራሽ በዚያው ተመረቀ፤ በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅትን ቻርተር የፈረሙት እዚያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኤኮኖሚ ኮሚሽን መሥሪያ ቤትም እዚያው ይገኛል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካዛንቺስ አሮጌ መንደሮች ለኮሪደር ልማት ሲባል ፈርሰው፣ ብዙ ቤተሰብ ዕቃውን በመኪና ጭኖ ወደ ከተማው ዳር ሄደ። እንግዲህ ይህ ሰፈር ስለ ሰው ልጅ ክብር ዓለም የተስማማባቸው ወረቀቶች ሁሉ የሚነበቡበት ሰፈር ነው። ነገር ግን ከአዳራሹ አጥር ውጭ ያለው ጎረቤት፣ ነገ ጧት ቢያዝ በምን ደንብ እንደሚያዝ የሚያነብበት አንድ ገጽ ወረቀት በጣቢያው ግድግዳ ላይ የለውም።

ሕግ የለም ማለታችን እንዳይደለ ይታወቅልን። ሕግስ ሞልቷል። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ሕገ መንግሥት እንኳ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ዳኛ ፊት ይቅረብ ይል ነበር። ከ60 ዓመት በላይ ፍርድ ቤቶቻችን የሠሩበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ይህንኑ በአንቀጽ 29 ደነገገ። በአንቀጽ 27 የተያዘው ሰው ቃሉን ላለመስጠት መብት እንዳለው ይነገረው አለ፤ በአንቀጽ 59 አንድ የምርመራ ቀጠሮ ከ14 ቀን አይለፍ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የ48ቱን ሰዓት አጸና፤ ማንም ሰው በራሱ ላይ ማስረጃ የሚሆን ቃል እንዲሰጥ አይገደድም አለ። በአንቀጽ 21 የተያዘ ሰው ከትዳር ጓደኛው፣ ከዘመዱ፣ ከወዳጁ፣ ከሃይማኖት አባቱ፣ ከሐኪሙና ከሕግ አማካሪው ጋር እንዲገናኝ ፈቀደ። በአንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ የመልእክት ልውውጥ እንዳይደፈር ከለከለ። በአንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን አለ። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ደግሞ ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ የሚይዝ ሹም በአንቀጽ 423፣ ተያዥን የሚያሠቃይ መርማሪ በአንቀጽ 424 እንዲቀጣ ደነገገ።

ታዲያ ጉዳቱ የት ላይ ነው? ጉዳቱ በሕጉና በጣቢያው በር መካከል ባለው ስፍራ ነው። ሕገ መንግሥቱ «48 ሰዓት» ይላል፤ ሰዓቱ ከየትኛው ደቂቃ ጀምሮ እንደሚቈጠርና የተያዘው ሰው ስም በመዝገብ የሚጻፈው እንደ ገባ ይሁን ወይስ መርማሪው ሲመቸው፣ ይህን የሚወስነው የውስጥ ደንብ ነው። ሕገ መንግሥቱ «ከዘመዱ ጋር ይገናኝ» ይላል፤ እናት ምሳ ዕቃዋን ይዛ ስትመጣ በስንት ሰዓት፣ ለስንት ደቂቃ፣ በማን ፊት እንደምትገናኝ የሚወስነው የውስጥ ደንብ ነው። ሥነ ሥርዓቱ በቀላል ነገር የተያዘ ሰው በዋስ ይለቀቅ ይላል፤ ዋሱ የደመወዝ ደብዳቤ ያምጣ ወይስ የቀበሌ መታወቂያ ይበቃዋል የሚለው ግን ከጣቢያ ጣቢያ፣ አንዳንዴም ከተረኛ ተረኛ ይለያያል። ስልክን ከፍቶ ማየት፣ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር፣ የታመመ ተያዥን ማን ወደ ሐኪም እንደሚወስድ፣ ሽጉጥ ከአፎቱ የሚወጣው መቼ እንደ ሆነ፣ ይህ ሁሉ የሚወሰነው በአዋጅ ነውን? አይደለም። የሚወሰነው በመመሪያ፣ በማንዋል፣ በሰርኩላር፣ ከዚያም በታች በስልክ ትእዛዝ ነው። የዜጋው ነጻነት ሲጠበቅም ሆነ ሲጣስ በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ነው። ነጋሪት ጋዜጣን የሚያነብ ዜጋ የቤቱን ጣራ ያያል፤ በሩ ግን ተደብቆበታል።

ከመካከላችን በዚህ በር ያላለፈ ስንቱ ነው? በመንገድ ላይ ስልኩ ተወስዶ ፎቶግራፉና መልእክቱ አንድ በአንድ የታየ ተማሪ አለ። ለወንድሟ ዋስ ልትሆን ሄዳ በአንድ ጣቢያ «ሴት ዋስ አንቀበልም፤ መመሪያ ነው» የተባለች አለች። የጣቢያውን ስም አንጠራም፤ ክርክራችን ከአንድ ጣቢያ ጋር አይደለምና። እናቶቻችን በየበሩ ቆመው «እማማ፣ መመሪያ ነው፤ ነገ ይምጡ» ይባላሉ። በትሕትና የተነገረ ነውና ብዙዎቹ መርቀው ይመለሳሉ። ተረኛውም ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ መመሪያውን እሱም አላነበበውም፤ ከፊተኛው ተረኛ ነው የሰማው።

ይህ ልማድ ትናንት የመጣ አይደለም። ከጥንት እንጀምር ብንል፣ በየአገሩ የነበረው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ ወንጀለኛ እስኪገኝ ድረስ የመንደሩን ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ሰብስቦ የሚያቆይ ነበር። ንጹሑንም ከበደለኛው ጋር ያንገላታ ስለ ነበር እንዲመለስ የምንመኘው አይደለም። ሆኖም አንድ ነገር ነበረው፤ ደንቡን ከሽማግሌ እስከ እረኛ ሁሉም ያውቀው ነበር። ማን እንደሚጠየቅ፣ ማን እንደሚምል፣ ያልመጣ ሰው ምን እንደሚቀጣ የተሰወረ አልነበረም። ከዚያ በኋላ በከተማችን የአራዳ ዘበኛ መጣ። ከነጻነት በኋላም በጥር ወር 1934 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል የፖሊሱ አዛዥነት ለእንግሊዛዊ ተሰጠ፤ በዚያው ዓመትም አዋጅ ቁጥር 6 ወጥቶ የፖሊስ ሠራዊት በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር ተቋቋመ። ትምህርት ቤት ተከፈተለት፤ ልብስና ማዕረግ ተሰጠው። ሁሉም መልካም ነበር። ነገር ግን ሠራዊቱ በሰው ቃል እንጂ ሕዝብ በሚያውቀው ደንብ እንዲመራ አልተደረገም።

በሰው ቃል የሚመራ ሠራዊት ምን እንደሚያገኘው በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. አየን። የፖሊስ አዛዡ ብርጋዴር ጄኔራል ጽጌ ዲቡ ራሳቸው ከመፈንቅለ መንግሥቱ መሪዎች አንዱ ነበሩ። በዚያ ሳምንት በከተማው ሁለት መንግሥት፣ ሁለት ትእዛዝ ነበር። ለተራው ፖሊስ የትኛው ትእዛዝ ሕጋዊ እንደ ሆነ የሚነግረው ምን ነበረው? የአዛዡ ቃል ብቻ! ሰዎች ሲከፈሉ ቃልም ይከፈላል።

በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች ማኅበር ፕሬዚዳንት ጥላሁን ግዛው በአፍንጮ በር አካባቢ ተተኰሰበት። በማግሥቱ ጓደኞቹ አስከሬኑን ይዘው በስድስት ኪሎ ሲያለቅሱ የክብር ዘበኛ ወታደሮች ግቢያችን ገብተው በተኰሱት ጥይት ተማሪዎች ወደቁ። በየትኛው ደንብ? በደርግ ዘመን ደግሞ «ነጻ እርምጃ» የሚባል ቃል ተፈጠረ። ትርጒሙ ግልጽ ነበር፤ ጠመንጃ የያዘው ሰው ራሱ ደንብ ሆነ። ከዚያም በኋላ በ1997 ዓ.ም. ሰኔና በ1998 ዓ.ም. ጥቅምት ከምርጫው በኋላ በተነሣው ብጥብጥ፣ መንግሥት ራሱ ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን የ193 ሲቪሎችንና የ6 ፖሊሶችን ሞት መዘገበ። ፖሊሱም ሟች ነበር። ሰልፍ ሲበተን መጀመሪያ ምን እንደሚደረግ፣ ማን «ተኩስ» ሊል እንደሚችል፣ ቀድሞ ተጽፎ፣ ቀድሞ ታውቆ፣ ቀድሞ ተሰልጥኖበት ቢሆን ኖሮ ከ199ኙ ነፍስ ስንቱ በሕይወት በቆየ ነበር! በ2010 ዓ.ም. ማዕከላዊ ተዘጋ። ደስ ብሎናል። ግን ቤት ተዘጋ ማለት አሠራሩ ተሻረ ማለት ነውን? ግድግዳ ማን እንዳሠቃየ አይወስንም፤ የሚወስነው መርማሪው ምን እንደ ተፈቀደለትና ማን እንደሚቈጣጠረው ነው። ንጉሡ ሄዱ፤ ደርጉ ሄደ፤ ኢሕአዴግም ሄደ። ከሁሉም ጋር ያልሄደ አንድ ነገር ቢኖር «መመሪያ ነው» የሚለው መልስ ነው።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ። የውስጥ ደንብ የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከአንድ ድንገተኛ ነገር ነው። አንድ ተያዥ ያመልጣል፤ በማግሥቱ «ከእንግዲህ ጠያቂ አይግባ» የሚል ደብዳቤ ከላይ ይወርዳል። አንድ በዓል ይደርሳል፤ ፍተሻ ይጠብቅ የሚል ትእዛዝ ይተላለፋል። በዓሉ ያልፋል፤ ትእዛዙ ግን አያልፍም፤ ማንም አልሻረውምና። ከአምስት ዓመት በኋላ ምክንያቱን የሚያውቅ ሰው በጣቢያው አይኖርም፤ ክልከላው ግን አለ። በዚህ ዓይነት የጸናውና የተሻረው፣ የተጻፈውና በስልክ የተነገረው፣ አንዱ በአንዱ ላይ እየተደራረበ ይሄዳል። ጣቢያው የሚሠራው በመጨረሻው ሕግ መሆኑ ይቀርና በመጨረሻው ፍርሃት ይሆናል።

በደኅና አገር ደንብ ሲወጣ መንገድ አለው። አንድ ኃላፊነት ያለበት ክፍል ያረቅቀዋል። የሕግ ባለሙያ ከሕገ መንግሥቱና ከአዋጁ ጋር ያስተያየዋል። የሚሠሩበት ፖሊሶችና የሚሠራባቸው ዜጎች ሐሳብ ይሰጡበታል። ከዚያ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት፣ በሚጠየቅበት ሹም ፊርማ ይወጣል፤ ይታተማል፤ ፖሊሱ ይማረዋል፤ ይፈተንበታል። በተወሰነ ጊዜ እንደ ገና ይመረመራል። አዲሱ ሲወጣ አሮጌው በስሙ ተጠርቶ ይሻራል። ከእነዚህ ደረጃዎች አንዱ ቢጎድል ሌላው ይበላሻል። ያልተማረው ደንብ አይሠራበትም፤ ያልተመረመረው ያረጃል፤ ያልተሻረው እንደ መንፈስ ከተቀበረበት ይነሣል።

ይህን መንገድ የአገራችን ሕግ አያውቀውም እንዳይባል፣ ሕጉ ወጥቷል! በ2012 ዓ.ም. የታወጀው የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183 የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች መመሪያ ሲያወጡ ረቂቁን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ፣ አስተያየት እንዲቀበሉ፣ መመሪያውን በጊዜው ለጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ፣ ኋላም ለፍትሕ ሚኒስቴር አቅርበው እንዲያስመዘግቡና ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርጉ ያዝዛል። ያልተመዘገበ መመሪያ ተፈጻሚ እንዳይሆንም ይከለክላል። ከዚያም ቀድሞ በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 ማንም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ ጠይቆ የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጓል።

«ይህ ሕግ የጸጥታ ሥራን አይመለከትም» የሚል ሹም ቢኖር እንዲህ ብለን እንመልስለታለን። ነገ ሌሊት የትኛው ቤት እንደሚከበብ ምሥጢር ይሁን፤ አንጠይቅም። ጠቋሚው ማን እንደ ሆነ ምሥጢር ይሁን፤ አንጠይቅም። የተያዘው ሰው በስንት ሰዓት ምግብ እንደሚያገኝ ግን የጦር ሜዳ ምሥጢር ነውን? እናት ልጇን የምትጠይቅበት ቀን ከጠላት የሚደበቅ ነገር ነውን? ዕቅድና ደንብ የተለያዩ ናቸው። ዕቅድ ለአንድ ሌሊት ነው፤ ደንብ ለሁልጊዜ ነው። ዕቅድ ስለ ተፈላጊው ነው፤ ደንብ ስለ ሁላችንም ነው።

ደግሞም አስቡት። በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜ የኮማንድ ፖስቱ መመሪያ ምን ምን እንደ ተከለከለ በቴሌቪዥንና በጋዜጣ ለሕዝብ ተነገረ። በይዘቱ ብዙ የምንቃወመው ነገር ነበረበት፤ ቢሆንም ሰው ምን እንደ ተከለከለ ሰምቶ ነበር። አገር በአስቸኳይ ጊዜ ውስጥ ሳለች መመሪያ ይፋ ማድረግ ከተቻለ፣ በደኅናው ቀን የማይቻልበት ምክንያት ምንድን ነው?

ሌላው ክርክር «ወንጀለኛው ደንቡን ካወቀ ያመልጣል» የሚለው ነው። ደንቡን የሚያውቀው ወንጀለኛስ ዛሬም አለ! በየጣቢያው አሥር ጊዜ የገባና የወጣ ሌባ ከማንኛችንም ይልቅ የጣቢያውን አሠራር ያውቃል፤ ለማን ምን እንደሚባልም ያውቃል። የማያውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዘው ንጹሕ ሰው ነው። እንግዲህ ምሥጢሩ የሚጠቅመው ማንን ነው?

ሦስተኛው ክርክር «ፖሊስ የትእዛዝ ተቋም ስለ ሆነ ደንቡን ሕዝብ አይጠይቀውም» ይላል። የዓለም ልማድ ግን ይህን አያስተምርም። በለንደን ከተማ አዲሱ የፖሊስ ሠራዊት በ1829 እ.ኤ.አ. ሲቋቋም አዛዦቹ ለፖሊሶቹ የሰጡት አጠቃላይ መመሪያ በዚያው ዓመት ለሕዝብ ታተመ። በዚያው አገር በ1984 እ.ኤ.አ. በወጣው የፖሊስና የወንጀል ማስረጃ ሕግ መሠረት የተዘጋጁት የአሠራር ደንቦች በእያንዳንዱ የፖሊስ ጣቢያ ለፖሊሱም፣ ለተያዘውም፣ ከመንገድ ለገባውም ሰው ቀርበው እንዲነበቡ የራሳቸው ቃል ያዝዛል። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የአሠራር ፖሊሲያቸውንና የሥልጠና ጽሑፋቸውን በኢንተርኔት እንዲያወጡ ግዴታ ገብተዋል። «እነሱ ሀብታሞች ናቸው» የሚል ቢኖር ጎረቤታችንን ኬንያን ይይ። በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው የፖሊስ አገልግሎት ሕጓ፣ የአያያዝና የእስር ደንቦች በአምስተኛው፣ የኃይል አጠቃቀም ደንቦች በስድስተኛው አባሪ ታትመው የሕጉ ክፍል ሆነዋል። የኬንያ ፖሊስ በደል አይሠራም አንልም፤ ይሠራል። ነገር ግን የተበደለው ኬንያዊ በፍርድ ቤት ቆሞ «ይህን አንቀጽ ጥሰሃል» የሚልበት ወረቀት በእጁ አለ። ግድግዳ ላይ ደንብ ለመለጠፍ የሚያስፈልገው ሀብት ወረቀትና ሙጫ ነው!

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 እ.ኤ.አ. የሕግ አስከባሪዎች የሥነ ምግባር ደንብ አጽድቋል። በ1990 እ.ኤ.አ. በሃቫና በተደረገው ጉባኤ የጸደቁት መሠረታዊ መርሆች መንግሥታት ስለ ኃይልና ስለ ጦር መሣሪያ አጠቃቀም ደንብ እንዲያወጡና እንዲከታተሉት ያሳስባሉ። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽንም በ2014 እ.ኤ.አ. ስለ መያዝና በፖሊስ ጥበቃ ሥር ስለ መቆየት የሉዋንዳ መመሪያዎችን አውጥቷል። የካዛንቺስ ልጅ የሚጠይቀው ከዚህ የበለጠ ነገር አይደለም። በአዳራሹ ውስጥ ለመላው አፍሪካ የሚነገረው ቃል መንገዱን ተሻግሮ ጣቢያው እንዲደርስ ብቻ ነው።

አሁን ስለ ኮንስታብሉ እንናገር፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነውና። ይህን ጽሑፍ የምናቀርበው በፖሊስ ላይ ጥላቻ ለመዝራት እንዳይመስላችሁ። ኮንስታብሉ የድሃ ልጅ ነው። በዝናብ ይቆማል፤ ከደመወዙ የቤት ኪራይ ከፍሎ የሚተርፈው ጥቂት ነው። በስልክ «በትናቸው!» የሚል ትእዛዝ ሲመጣለት ቢታዘዝና ሰው ቢሞት፣ ጥፋቱ በእሱ ይመካኛል፤ ያዘዘው ድምፅ ማስረጃ የለውምና። ባይታዘዝ ደግሞ በዲሲፕሊን ይቀጣል። ሁለት ገደል መካከል ቆሟል። የተጻፈና የታወቀ ደንብ ቢኖረው ግን «ጌታዬ፣ ይህ በአንቀጽ እገሌ የተከለከለ ነው፤ በጽሑፍ ይስጡኝ» ማለት ይችላል። ዝውውሩም፣ ፈቃዱም፣ ማዕረግ ዕድገቱም በአለቃው ፊት ማማርና መክፋት ሳይሆን በደንብ ይሆናል። ስለዚህ የተሰወረ መመሪያ የሚጠቅመው ታሳሪውንም ጠባቂውንም አይደለም። የሚጠቅመው አዝዞ የማይጠየቀውን ብቻ ነው።

በአገራችን «በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ታሳዝነኛለች» ይባላል። ሕዝባችን የሚጠላው ቅጣትን እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል። ሕዝባችን የሚጠላው ምክንያቱ የማይነገር ቅጣትን ነው። በደንብ የተያዘ ሰው በጥፋቱ ያፍራል፤ በማይታወቅ መመሪያ የተያዘ ሰው ግን ቂም ይዞ ይወጣል። መንግሥት በየጣቢያው በየቀኑ የሚዘራው የትኛውን እንደ ሆነ ቆም ብሎ ያስብ።

ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው የሚከተለውን ነው።

አንደኛ፤ የፌዴራል ፖሊስም ሆነ የአዲስ አበባ ፖሊስ ስለ መያዝ፣ ስለ ፍተሻ፣ ስለ ምርመራ፣ ስለ ዋስትና፣ ስለ ጠያቂና ስለ ኃይል አጠቃቀም የሚሠራባቸው መመሪያዎች ሁሉ ተሰብስበው፣ የጸናው ከተሻረው ተለይቶ፣ በአማርኛና ሕዝቡ በሚናገራቸው በሌሎቹ ቋንቋዎች ይታተሙ።

ሁለተኛ፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ መግቢያ፣ ማንበብ የሚችል ሁሉ ሊያነበው በሚችል ጉልህ ፊደል፣ የተያዘ ሰው መብትና የጠያቂ ሰዓት ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችል ይነበብለት።

ሦስተኛ፤ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ የሌለው ትእዛዝ በዜጋ ነጻነት ላይ ኃይል አይኑረው። በስልክ የተሰጠ ትእዛዝ በዚያው ቀን በመዝገብ፣ ከአዛዡ ስም ጋር ይጻፍ።

አራተኛ፤ አዲስ መመሪያ ሲረቀቅ የሕግ መምህራን፣ ጠበቆች፣ የሰብአዊ መብት ኮሚሽንና የየሰፈሩ ነዋሪዎች እንዲሁም በየጣቢያው የሚሠሩት ፖሊሶች አስተያየት ይስጡበት። ከዚያም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደ ገና ይመርመር።

አምስተኛ፤ አንድ ፖሊስ ደንብ ጣሰ ተብሎ ሲከሰስ የሚመረምረው የራሱ የሥራ ጓደኛ ብቻ አይሁን። ውጤቱም ለከሳሹ በጽሑፍ ይነገረው።

ዩኒቨርሲቲውስ? በ1956 ዓ.ም. የሕግ ፋኩልቲ በዚህ ተቋም ሲከፈት ሕግ በመጽሐፍ ውስጥ ተዘግቶ እንዲቀር አልነበረም። በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎትም ተማሪውን ወደ ጠቅላይ ግዛት ልኮ እንዲያስተምር አድርጎ ነበር። ዛሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከስድስት ኪሎ እስከ ካዛንቺስ የአንድ ታክሲ መንገድ ነው። የሕግ ተማሪዎች ከመምህሮቻቸው ጋር ሆነው በአዋጅ ቁጥር 590 መሠረት መመሪያዎቹን በጽሑፍ ይጠይቁ። መልስ ከመጣ መልሱን በዚህ ጋዜጣ እናትመዋለን። መልስ ካልመጣ ጥያቄው የቀረበበትን ቀንና ያለ መልስ የቆየበትን ቀን ቁጥር በየእትሙ እናወጣለን። ይህ ድንጋይ መወርወር አይደለም፤ ሰልፍም አይደለም። ደብዳቤ መጻፍ ነው። ደብዳቤን የሚፈራ መሥሪያ ቤት ካለ ግን ከደብዳቤው ይልቅ ፍርሃቱ ብዙ ይነግረናል።

ጓደኞቻችን ሆይ፤ የቂርቆስ ሰው ታቦቱ ለተሰየመለት ሕፃን ታሪክ እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በመኰንኑ ፊት ቆመ፤ መኰንኑ እንዳሻው ያዝዝ ነበር፤ ሕፃኑም በአደባባይ መለሰለት። እኛ የምንመኘው ማንም ሕፃንና ማንም እናት ሰማዕት መሆን ሳያስፈልጋቸው መብታቸውን የሚያገኙበትን አገር ነው። ለዚህም መጀመሪያው እርምጃ ትንሽ ነው። ነገ «መመሪያ ነው» ስትባሉ አትቈጡ፤ አትሳደቡም። በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትፈሩ፣ «እባክዎ መመሪያውን ያሳዩኝ» በሉ። አንድ ሰው ሲጠይቅ ሞኝ ይባላል፤ አሥር ሲጠይቁ አስቸጋሪዎች ይባላሉ፤ ሺህ ሲጠይቁ ግን መመሪያው ከመሳቢያው ይወጣል። የወጣም ዕለት በመንገድ ላይ «በሕግ አምላክ!» የሚለው ጥሪ ሰሚ ያገኛል።